አትድከሚ ማለት አትሂጂ ማለት አይደለም

ታላቅ እህቴን ወንዝ አልገደላትም። ሊያስተዛዝኑን የመጡ ሰዎች ወንበሩ ሳይሞቃቸው "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል" ሲባባሉ ሰምቻለሁ። ተረቱ ጥሩ ተረት ነው፤ ለእሷ ግን አይሆንም። እህቴ ከወንዙ የተመለሰችው በእግሯ ነው። የሞተችው ከወራት በኋላ፣ በገዛ አልጋዋ፣ ሐኪሙ ከመጀመሪያው በነገረን በሽታ ነው። ሥራዬ መዝገብ መጠበቅ ነው፤ ስህተት ተጽፎ ሳይ ያመኛል። ስህተት ሲወራ ደግሞ ይብሳል፣ ወሬን ሰርዞ ማረም አይቻልምና። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነ እጽፈዋለሁ።

መጋረጃ ሰፊ ነበረች። የሥራ ክፍሏ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር የተሸጎጠች ጠባብ ቦታ ነበረች። የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ከክፍሏ ስለሚረዝም አንድ ጫፉ በበሩ ወጥቶ መንገደኛ ያደናቅፍ ነበር። "ኧረ ይሄን ጠረጴዛ አሳጥሪው" ሲሏት "ማስታወቂያዬ እኮ ነው" ትላለች። ሰው ቤት ገብታ መስኮት ስትለካ የቤቱንም ሰው አብራ ትለካለች። ወፍራም መጋረጃ የሚያዝ ሰው፣ በእሷ አባባል፣ ወይ እንቅልፍ አጥቷል ወይ ከጎረቤቱ ተጣልቷል። በራሷ መስኮት ላይ ግን ብጣሽ ጨርቅ አልሰቀለችም። "ቀኑን ሙሉ የሰው ብርሃን ስዘጋ ውዬ የራሴንም ልዝጋ?" ትል ነበር።

እናታችን ስትሞት እኔ ገና ፊደል አልጨረስኩም። ያሳደገችኝም፣ ዩኒቨርሲቲ ያስገባችኝም በዚያች የስፌት መኪና ነው። ለእኔ እትዬ ነበረች፤ እኔ ለእሷ፣ ፀጉሬ ሸብቶም ሚጣ ነበርኩ።

ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ እያጠራት ሲመጣ ታላቅ ወንድማችን ሐኪም ቤት ወሰዳት። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሐኪሙ በመጨረሻ እሷን አስወጥቶ ከወንድማችን ጋር ለብቻ ተነጋግሯል። ማታ ስደርስ ወንድማችን ኮቱን ሳያወልቅ ቆሞ ጠበቀኝ።

"ልቧ ነው። የሚቀደድም የሚሰፋም የለም፣ መድኃኒት ብቻ ነው። ሐኪሙ ከቤት እንዳትወጣ ብሏል። ሱቁ ይዘጋል። አለቀ።"

ወንድማችን የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው። የሚወደንን ያህል ያዘናል፤ ከሁለቱ የቱ እንደሚበልጥ ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ሱቁ ተዘጋ።

እህቴ ጥቂት ቀን ቤት ውስጥ ዋለች። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ "ዓሣ ላጠምድ ነው" አለችኝ።

"ምን?"

"ዓሣ። ውሃ ውስጥ የሚኖረውን።"

"የት ሄደሽ?"

"ውሃ ወዳለበት ነዋ ሚጣ፣ ደረቅ መሬት ላይ ይጠመዳል እንዴ?"

ቢላዋውን አስቀመጠችና ነገረችኝ። በወጣትነቷ፣ በወንዙ አገር ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ መጋረጃ አሰፍቷት ነበር። ልትሰቅል ሄዳ ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ዋለች። ወደ መስኮቱ በዞረች ቁጥር ወንዝ ዳር የተቀመጡ ሰዎች ይታዩዋታል። ዘንጋቸውን ይዘው፣ ውሃ ውሃውን እያዩ፣ ጠዋት በተቀመጡበት ማታ አገኘቻቸው። ሲመሽ የመጨረሻውን መጋረጃ ሰቀለች፣ ወንዙን ሸፈነችው፣ በመጨረሻው አውቶቡስ ተመለሰች።

"ዕድሜ ልኬን ስንት መስኮት ሸፍኛለሁ፤ የሚቆጨኝ ያ ነው" አለችኝ። "አሁን ደግሞ በሽተኛ ነሽ ተቀመጪ ተባልኩ። እሺ። መቀመጥ ካልቀረልኝ ግን የምቀመጥበትን የምመርጠው እኔ ነኝ።"

ዕቅዱ በዚያው ቀን ተጀመረ። የማረፊያውን ስልክ በሰው በሰው አገኘች፤ ማረፊያው ደግሞ ከአንድ ጀልበኛ ጋር አገናኛት። ጀልበኛው መልኩን ሳናየው የቤታችን ሰው ሆነ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ፣ ምስር እየለቀመች ታወራዋለች።

"አሁን አይምጡ እናቴ፣ ወንዙ ሞልቷል" አላት። "ሲሞላ የኔንም ልመና አይሰማም።"

"መቼ ነው የሚሰማው?"

"ዝናቡ ሲያባራ። ያኔ ውሃው ይጠራል፣ ዓሣውም ይርበዋል።"

"እኔስ እስከዚያ እኖራለሁ ብለህ ነው?"

በሽታዋን አልነገረችውም ነበርና ሳቀ። "ይሄን ድምፅ ይዘው የት ይሄዳሉ!"

ያቺ ዕለት መልካም ቀን ነበረች። ምሽቱን ሙሉ "ይሄን ድምፅ ይዘው" እያለች ስትስቅ አመሸች።

ክሩ ላይ እርሳስ ካልታሰረ መንጠቆው እንደ ቅጠል እንደሚንሳፈፍ የነገራትም እሱ ነው። በማግስቱ ሥራ ቦታ ደወለችልኝ። "ሚጣ፣ ስትመጪ እርሳስ ያዢልኝ። ጥሩ ጥሩውን።" እኔም ጥሩ ጥሩውን፣ ከነመቅረጫው፣ አንድ ፓኬት ይዤላት ሄድኩ። ከፍታ አንዱን በሁለት ጣቷ አንጠለጠለችው።

"ይሄ ለምንድነው? ዓሣው እንዲፈርምልኝ?"

"እርሳስ አላልሽም?"

"ብረቱን ነው ያልኩሽ! የሚከብደውን!" ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። "አይ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ዩኒቨርሲቲ ማን አስገባሽ?"

የሚከብደው ከእኛው ዘንድ ነበር። መጋረጃ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ በግርጌው እጥፋት ውስጥ ትንንሽ እርሳስ ይሰፋበታል፤ በተዘጋው ሱቅ ውስጥ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ነበራት። ሄጄ አመጣሁላት። ሁለቱን በጥርሷ ክሩ ላይ ነክሳ አሰረቻቸው። "የሰው ሳሎን ያስተካከለ የኔን ክር አያቅተውም" አለች።

ዘንጉን ገዛሁላት፤ መወርወሩን ግን መልመድ ነበረባት። ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ከታች የጋራ ግቢ አለ፣ በግቢው ላይ የልብስ ማስጫ ገመድ ተዘርግቷል። በረንዳው ላይ ወንበር አውጥታ ተቀመጠችና ወረወረች። ሁለቴ ባዶ ወጣ። በሦስተኛው ክሩ ተወጠረ።

"ያዘ!" ብላ ጮኸች።

የያዘው ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩትን ጡረተኛ ዳይሬክተር ሱሪ ነበር። ሱሪው እየተወዛወዘ በመስኮታቸው በኩል ሲያልፍ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

"ምንድነው ነገሩ? ሱሪዬ ወዴት ነው የሚሄደው?"

"ይቅርታ ጋሽ ዳይሬክተር፣ ወደ እኔ ነው።"

"ምን ሊያደርግልሽ?"

"እየተለማመድኩ ነው። ሱሪውን ባዶውን ነው የያዝኩት፣ አሁኑኑ እመልሰዋለሁ!"

እሳቸው ግን አንዱን እግር ይዘው መጎተት ጀመሩ፤ እሷም በባሕርይዋ የያዘችውን አትለቅም። ሱሪው ተቀደደ። በማግስቱ ጣፈችላቸው፤ ስፌቱን መነጽር አድርገው ፈልገው አጡት። ቂም አልያዙም፣ አፋቸውን ግን አልያዙም። ወሬው ለወንድማችን የደረሰው በዚያ ሱሪ በኩል ነው።

ሲመጣ በሩን አላንኳኳም።

"ዓሣ? አንቺ? በዚህ ልብሽ?"

"በልቤ አይደለም፣ በመንጠቆ ነው።"

"አታሹፊብኝ! ሐኪሙ ምን አለ? ደግሞስ ሰው ምን ይላል? በሽተኛ እህቱን ወንዝ ዳር ጣላት አይሉኝም?"

"አንተን ማን ጠየቀህ? በአውቶቡስ ነው የምሄደው።"

"አይ፣ ገባኝ። ዓሣውን አይደለም፤ እኔን ነው የጠመድሽኝ!"

"አንተን ለማጥመድ ወንዝ ድረስ ምን አስኬደኝ? ሱሪህን ገመድ ላይ አስጣው፣ ይበቃኛል።"

ሳቄ አመለጠኝ፤ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺም አለሽበት! የተማርሽ ነሽ፣ ንገሪያት እንጂ!"

"ጋሼ፣ ሐኪሙ ያለውን ቃል በቃል ንገረኝ" አልኩት።

"ነግሬሻለሁ።"

"አሳጥረህ ነው የነገርከኝ። ቃሉን።"

"አትድከሚ አላት። ያው ነው።"

"ያው አይደለም!" አለች እህቴ፣ ከወንበሯ ተነስታ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስትቀልድ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ቀልዱን ተወችው። "ሱቄን ዘጋህብኝ እኮ! እኔ እኮ የሰውየው ቃል መስሎኝ ነው ቁጭ ያልኩት!"

"እኔ ለአንቺ ብዬ ነው።"

"ለእኔ ብለህ በእኔ ላይ!"

ሰኞ ዕለት ሐኪሙ ዘንድ ሄድን፤ እሷና እኔ ብቻ። ገና ሳትቀመጥ ጠየቀችው።

"ዶክተር፣ አትድከሚ ነው ያልከኝ ወይስ አትሂጂ?"

"አትድከሚ ነው ያልኩሽ።"

"ቁጭ ማለትስ?"

"ቁጭ ማለት ጥሩ ነው።"

"ውሃ ዳር?"

"ምን ችግር አለው።"

"ዘንግ ይዤስ?"

ሐኪሙ የሚጽፈውን ተወና አያት። ከዚያ እውነቱን ነገራት፤ ለዚህም እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። መንገዱ ረጅም ነው፣ እዚያ የረባ ሐኪም ቤት የለም፣ አንድ ነገር ብትሆኚ የሚደርስልሽ አይኖርም አላት።

"እዚህ ብሆንስ ትደርስልኛለህ?"

"እዚህም ቢሆን የምችለው ትንሽ ነው" አላት።

"እንግዲያው አስፈራርተኸኝ ምን ታተርፋለህ? በል መድኃኒቱን ለጉዞ የሚበቃኝን አድርገህ ጻፍልኝ።"

ዝናቡ አባራ፤ ሄድን። ወንድማችን አልሸኘንም። ዘንጉን በትራፊ የመጋረጃ ጨርቅ ጠቅልላ በአውቶቡሱ መተላለፊያ ላይ ስታጋድመው ሾፌሩ "እማማ፣ ምንድነው ይሄ?" ቢላት "ምርኩዜ ነው" አለችው።

ጀልበኛው ከድምፁ በጣም የሚያንስ፣ አጭር፣ ፈጣን ሰው ሆኖ ተገኘ። ትንፋሿን ሰምቶ አንድም ነገር ሳይጠይቅ፣ ከማረፊያው በር እስከ ውሃው ድረስ በየመሃሉ የምታርፍበት ግንድ አስቀመጠላት። የመጀመሪያው ቀን ክሩ ሳይነቃነቅ መሸ። በሁለተኛው አንዲት የክንድ ያህል የምትሆን አምባዛ ያዘች። ሲያወጡላት ዓሣዋን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየኝ፤ አፏ ተከፍቶ ቀረ፣ የምትለው ጠፋት። እህቴ የምትለው ሲጠፋት ያየሁት ያን ቀን ነው።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከበላያችን የመኪና በር ተዘጋ። ወንድማችን ነበር። የወንዙ ዳር ገደላማ ነው፤ በሚያብረቀርቅ ጫማው አፋፉ ላይ ቆሞ ቀረ።

"ተነሺ! እንሂድ!"

"ቀስ ብለህ ተናገር፣ ዓሣውን ታባርርብኛለህ።"

"ሌሊቱን ስነዳ ነው ያደርኩት! ተነሺ ብዬሻለሁ!" ጀልበኛውን ጠቆመው። "አንተ፣ አስነሳት!"

"እኔ የተቀመጠ እንግዳ አላስነሳም ጌታዬ" አለ ጀልበኛው፣ ትሉን ከጭቃ እየለየ።

"ለእኔ ብለህ ከመጣህ ውረድ፣ ቦታ አለ" አለች እህቴ ሳትዞር። "ለሰው አፍ ብለህ ከሆነ ግን መኪናህ እዚያው ናት።"

አልወረደም። ጮኸ፣ ለመነ፣ ደግሞ ጮኸ። የእናታችንን ስም ጠራ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ደርሳ እስክታልፍ ድረስ አፋፉን ተመላለሰበት። በመጨረሻ ድምፁ ወረደና የመጣበት ነገር ወጣ።

"ብትሞቺብኝስ?"

ያን ጊዜ ዞረች። "እሞታለሁ እንጂ። ሞት በበር የሚገባ መስሎህ ነው የዘጋህብኝ? ወንድሜ፣ አንተ ስትፈራ እኔ መታሰር የለብኝም። ፍርሃትህን ራስህ ያዘው፤ እኔ የራሴን ይዣለሁ፣ ይኸው አብሬው ተቀምጫለሁ።"

መሐረብ አውጥቶ ፊቱን ጠረገ፣ እኔን አየኝ፤ እኔም አልተነሳሁም። መኪናው ተነስቶ ድምፁ በዛፎቹ መካከል እስኪጠፋ ድረስ እህቴ ዘንጉን እንደያዘች ነበረች።

"ሄደ?" አለችኝ።

"ሄደ።"

"ስማ ልጄ" አለች ወደ ጀልበኛው። "ስንት ቀን ነበር የያዝነው?"

"አምስት እናቴ።"

"ስድስት አድርገው። የዛሬውን ግማሽ ቀን ወንድሜ በጩኸት በልቶብኛል።"

"ግማሽ ከሆነ ታዲያ ሙሉ ቀን ለምን?"

"ግማሹ ካሳዬ ነው።"

በስድስተኛው ቀን አንድም ዓሣ ክሯን አልነካላትም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጀልበኛው ዕቃውን ሰብስቦ "ዛሬ የለም እናቴ፣ እንግባ" አላት።

"አንተ ግባ" አለችው።