ለዘንዶዋ የታጠበ ጫጩት

ሎሚና ጨው በጥሬ ሥጋ ላይ ሲታሽ የሚወጣው ሽታ ዛሬም በማንኛውም ወጥ ቤት በር ሳልፍ ይደርሰኛል። ሌሎች በዚያ ሽታ የበዓል ዋዜማ ሲታወሳቸው፣ እኔ የማስታውሰው ግን በደብረ ማርቆስ ቤታችን ሳሎን ጥግ፣ በጣውላና በሽቦ ወንፊት በተሠራ ሣጥን ውስጥ ተጠቅልላ፣ የቀረበላትን ምግብ በምላሷ ዳስሳ ፊቷን ያዞረችውን ዘንዶ ነው።

ያመጣት አባቴ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ስለነበር፣ ከደጀን በታች በዓባይ በረሃ የሚመላለሱ የጭነት መኪና ሹፌሮች ገና ክንድ የምታህል ሳለች መንገድ ላይ አግኝተው ሊገድሏት ሲሉ ደርሶ፣ ለምኖ ተቀብሎ፣ በጆንያ ቋጥሮ ይዟት መጣ። እናቴ የይጁቤ ቄስ ልጅ ናት፤ እባብ በክርስቲያን ቤት ማደሩን አንድ ቀንም አልወደደችውም፣ ሆኖም ባሏ ያስገባውን ማስወጣት ነውር ስለሚሆንባት፣ ያንን ጥግ አማትባ እየጠረገች ሦስት ዓመት ኖረች።

ክረምት በመጣ ቁጥር ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ ቆላ ለተፈጠረ ፍጥረት የሚቻል አልነበረም። ከሣጥኑ በላይ አንድ አምፖል ቀን ከሌት ይበራ ነበር፤ መብራት ሲጠፋም የፈላ ውኃ በጀሪካን ሞልተን፣ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለን ከጎኗ እናስቀምጥ ነበር። የምትበላው አይጥ ነበር፣ ያውም ከነሕይወቱ፤ አባቴ በወጥመድ ይይዘውና በክዳኑ በኩል ይለቀው ነበር፣ እኔም እየፈራሁ አጠገቡ ቆሜ አይ ነበር። አሥር ዓመት በሞላኝ ዓመት ሐምሌ ላይ ግን አይጡ ቀድሟት ከዓይኗ ሥር ነከሳት። ቁስሉ አመርቅዞ፣ አባቴ ሳምንታት ሙሉ በአዮዲን ሲጠርገው ከርሞ፣ ከእንግዲህ ሕያው እንዳይሰጣት ወሰነ።

«የታሰረ ፍጥረት ፊት ጠላት አይለቀቅም» አለኝ። «ይህቺ የምትሸሽበት የላትም።»

ሙት መብላትን ማስተማር ግን ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር። አይጡን ገድሎ፣ በሙቅ ውኃ ጠርሙስ ሥር አቆይቶ፣ ሰውነቱ ሲሞቅ በረጅም የሽቦ መቆንጠጫ ይዞ ከፊቷ ያወዛውዘው ነበር። ሁለት ጊዜ ናቀችው፤ በሦስተኛው፣ የመስቀል ሰሞን፣ ተወርውራ ያዘችው። አባቴን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አላየሁትም።

በጥቅምት እግሮቹ አበጡ፤ ኩላሊቱ ነው ተባለና አጎቴ ወደ አዲስ አበባ ወሰደው። መኪናው ደጅ ቆሞ ሲጠብቀው ጠራኝና ሦስት ነገር አዘዘኝ፦ ሙት ይሁን፣ ሙቅ ይሁን፣ ይንቀሳቀስ። «እስክመለስ አደራ» አለኝ። እኔም በልጅ አእምሮዬ ሁለቱን ነፍሶች አንድ ላይ ቋጠርኳቸው፤ እሷ ከሞተች እሱ አይመለስም።

እናቴ ግን እዚያው ደጅ ላይ፣ አባቴ እየሰማ፣ አይጥ ተገድሎ በቤቷ እንዲዞር አልፈቀደችም።

«የሞተ ሁሉ አይበላም፤ የታረደ ነው የሚበላ» አለች። «እኔ እያለሁ በክት እዚህ ቤት አይገባም። ጫጩት ይታረድላታል።»

ሴት ደግሞ አታርድም። ወንድ ከቤት ስለታጣ፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ እኔ ጫጩቷን፣ እናቴ ቢላዋውን ይዘን በር ላይ ቆመን አላፊ አግዳሚውን እንጠብቅ ነበር። የመጀመሪያው አራጃችን አህያ ጭኖ ከገበያ የሚመለስ ሽማግሌ ነበር።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይባርኩልን» አለችው እናቴ።

«አባወራ የለም?»

«ታሞ አዲስ አበባ ነው።»

«እግዜር ይማረው» ብሎ ጫጩቷን በመዳፉ መዘናት። «እመቤቴ፣ ይህችማ ለቢላዋውም አትበቃው። ማን ሊበላት ነው?»

«ለሕመምተኛ ናት።»

ሽማግሌው ከዚያ በኋላ አልቀለደም። በስመ አብ ብሎ አርዶ፣ ቢላዋውን በሣር ጠርጎ መልሶ፣ «ምሕረት ያውርድለት» እያለ ሄደ።

እናቴ ጫጩቷን በፈላ ውኃ ነክራ ነጨቻት፣ ሆድቃዋን አወጣች፣ ከዚያም ለሰው ወጥ እንደምታደርገው በሎሚና በጨው እያሸች ውኃው እንደ ምንጭ እስኪጠራ ድረስ ሰባት ጊዜ አጠበቻት። ይህን ያደረገችው ከክፋት አልነበረም፤ ለምትጸየፈው ፍጥረት እንኳ ያልጠራ ነገር ማቅረብ ስለማትችል ነበር። እኔም የታዘዝኩትን ሁሉ ፈጸምኩ፤ አሞቅኳት፣ በመቆንጠጫው ይዤ አወዛወዝኳት። ዘንዶዋ ምላሷን አውጥታ ዳሰሰቻትና ራሷን በጥምጥሟ ውስጥ ቀበረች። አባቴ በሕይወቱ ወጥ ቤት ገብቶ አያውቅምና ዶሮ ከመቅረቡ በፊት ምን ምን እንደሚደረግ አላሰበም፤ «አትጠቡት» የሚለው አራተኛው ትእዛዝ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ማታውን ደወለ። እናቴ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ከማድረጓ በፊት እጄን ጭምቅ አድርጋ፣ «ሕመምተኛ አይጨነቅም» አለችኝ።

«በላች?»

«በልታለች አባባ።»

«ጎበዝ፣ የኔ ልጅ።»

እንዲህ ሆኖ አራት ቅዳሜ አለፈ፤ አራት ጫጩት ታረደ፣ ታጠበ፣ ተጣለ፤ እኔም አራት ጊዜ «በልታለች» አልኩ። እውነቱን ብነግረው ኖሮ ሎሚውን በአንድ ጥያቄ ይደርስበት ነበር፤ ውሸቴ ከጭንቀት ጋር መድኃኒቱንም ከለከለ። ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ መጥቼ፣ የደብተር ቦርሳዬን ሳላወርድ ሣጥኑ ፊት እንበረከክና መተንፈሷን አይ ነበር። ያን የሚያህል ዘንዶ ወራት ጾሞ ሊቆይ እንደሚችል ዛሬ አውቃለሁ፤ ያኔ የሚነግረኝ አልነበረም፣ በጎኗ የተሸበሸበውን ቆዳ እያየሁ በእያንዳንዱ ሽብሽብ አባቴን እቀብረው ነበር።

ኅዳር አጋማሽ ላይ የነቢያት ጾም ገባና እናቴ ቢላዋውን አጥባ ሰቀለችው፤ እስከ ገና በቤታችን ደም አይፈስም። በዚያው ሳምንት አጎቴ ሲደውል፣ እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ እናቴ የሰማችውን እየደገመች ስታለቅስ ሰማኋት፤ «ሁለቱም ኩላሊቱ? … ሐኪሙ ወደ ቤት ውሰዱት አለ? … ለእሱ እንዳትነግሩት፣ በማርያም።»

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ቀረሁ። ከጎተራው ሥር ያጠመድኩት ወጥመድ አንድ አይጥ ይዞ ነበር፤ ከነወጥመዱ ከቤት ጀርባ ወስጄ፣ ሴት ሆኜ፣ ያውም በጾም፣ ያውም ያለ በስመ አብ፣ በማገዶ ፍልጥ ገደልኩት። አላጠብኩትም፤ የማጠቢያ ጊዜም ድፍረትም አልነበረኝም። አሙቄ ሳቀርብላት ዘንዶዋ ሦስት እስክቆጥር እንኳ አልቆየችም፤ መቆንጠጫውን ከእጄ ነጥቃ ያዘችው። የምግቡን ሽታ ያጠፋባት ሎሚው እንደነበረ የገባኝ ያኔ ነው።

የእናቴን ስልክ ከመደርደሪያው አውርጄ ለአባቴ ደወልኩ። በደስታ እየተንተባተብኩ እንዴት እንደተወረወረች፣ እንዴት እንደጠመጠመችው፣ ከራሱ ጀምራ እንዴት እንደዋጠችው ነገርኩት። አባቴ አላቋረጠኝም።

«ባለፉት ቅዳሜዎች እንዴት እንደያዘችው አልነገርሽኝም ነበር» አለኝ።

ዓይኔን ወደ ሣጥኑ መለስኩ።

«ስንት ጊዜ ነው ያልበላችው?»

«አራት።»

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«ሕመምተኛ አይጨነቅም ብላ …»

ቀጥሎ የተናገረው ግን በቁጣ አልነበረም፣ ክፍል ውስጥ ተማሪ እንደሚጠይቅበት ባለ እርጋታ ነበር።

«ስለ እኔስ ሐኪሙ ለእናትሽ ምን አላት?»

የማውቀውን መናገር አልቻልኩም፣ እንደገና መዋሸትም አልቻልኩም።

«ገባኝ» አለ። «በሚቀጥለውም እንዲሁ አድርጊላት።»

በታኅሣሥ ወደ ቤት አመጡት። እናቴ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ «ሐኪሙ ለጥምቀት ትነሣለህ ብሏል» ስትለው «እሺ» ይላት ነበር፣ ዓይኑን ግን ወደ እኔ ያዞር ነበር። ከሚያጽናኑት ሰዎች መካከል አንዱንም አላመነም፣ አንዱንም አልተቃወመም፤ ያንን ብቸኝነት የሰጠሁት እኔ ነበርኩ። ጥምቀት ሳይደርስ ሞተ። ከአርባው በኋላ እናቴ ዘንዶዋን ለአንድ ሹፌር አስረክባ፣ በረሃው ውስጥ እንዲለቃት ተማጸነችው። ለቅቄያታለሁ ብሎናል፤ ከዚህ የበለጠ አላውቅም።

ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ። በላቦራቶሪያችን ላሉት እባቦች ምግባቸው በበረዶ ደርቆ በከረጢት ይመጣል፤ ተማሪዎቼ በሙቅ ውኃ ያቀልጡታል፣ እባቡ እንቢ ካለ «እንቢ ብሏል» ብለው ይጽፋሉ፣ ማንም አያፍርበትም። እናቴ አሁንም በደብረ ማርቆስ፣ በዚያው ቤት ትኖራለች። ባለፈው ወር የምርመራዋ ውጤት በእኔ እጅ ደረሰ፤ አንብቤዋለሁ፣ ትርጉሙንም አውቃለሁ። ከጠየቀችኝ ቃል ሳላጎድል ልነግራት ወስኜ በየእሑዱ እደውላለሁ። እሷ ስለ ጎረቤት ሰርግ፣ ስለ ጤፍ አጨዳ ታወራኛለች፤ እኔም ጥያቄዋን እጠብቃለሁ።

«እናንተ ጋ ዝናቡ አባራ?» ትለኛለች።

«አባርቷል» እላታለሁ።