ከነብር ጋር የተቆለፈባት ሴት

እናንተ ነብር የሚገደለው ጫካ ውስጥ ብቻ ይመስላችኋል። እኔ መርካቶ ውስጥ ገድያለሁ፤ በርበሬ በረንዳ፣ በጠራራ ፀሐይ። ሳቁ ግድ የለም። እኔ ግን ያን ቀን ባነሳሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ወሩ ታኅሣሥ፤ አዲስ በርበሬ በጭነት መኪና የሚገባበት፣ ደረቁ ነፋስ ብናኙን እያነሳ እስከ አብነት ሰፈር ድረስ ሰው የሚያስነጥስበት ወቅት። አብሮኝ የነበረው የአደን ጓደኛዬ ሸምሱ ነው፤ ዱካ በማንበብ አቻ የሌለው የጉራጌ ልጅ። ምንሽር ጠመንጃዬን ጠጋኝ ዘንድ አሠርተን መመለሳችን ነበር። ያሠራሁትም ለይምሰል ነው። ባለፈው በጋ ቸኩዬ ያቆሰልኩት ነብር ከበደ የሚባል ጓደኛችንን ገድሎብናል። ከዚያ ወዲህ ጭንቀት ሰፈረብኝ። እንቅልፍ የለም፤ ጠመንጃ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል።

በርበሬ በረንዳ ስንደርስ ሰዉ እያሳለ ይሮጣል። የአንዱ መጋዘን ባለቤት፣ አቶ ደምሰው፣ ቁልፍ ጨብጦ በሩ ላይ ቆሟል። ለካስ ለአንድ ፈረንጅ ሊሸጠው በወጥመድ የተያዘ ነብር ገዝቶ፣ ለሠራተኞቹ ሳይናገር፣ ጓሮው ውስጥ በእንጨት ሣጥን አስቀምጦ ኖሯል። አውሬው ጣውላውን ሰብሮ በጓሮ በር መጋዘኑ ውስጥ ገባ። ሠራተኞቹ ሲወጡ ሰውየው ሁለቱንም በር ቆለፈ።

«ውስጥ የቀረ ሰው አለ?» አልኩት።

ቁልፉን አጥብቆ ያዘ። መልሱ የመጣው ከውስጥ፣ በቀጭን ድምፅ ነው፤ «እኔ አለሁ።»

እትዬ ዘርፌ ናት። ከጎጃም የመጣች፣ በርበሬ እየለቀመች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት።

«ይክፈቱት እንጂ!» አልኩ።

«ቢወጣ ሕዝብ ይጨርሳል። ለእሷ እግዚአብሔር ያውቅላታል» አለኝ።

አንቱ ማለቱን እዚያው ተውኩት። «አንተ ቆልፈህባት እግዚአብሔርን ዘበኛ ታደርገዋለህ?» ብዬ ቁልፉን ከእጁ መነጨቅሁት። በሩ ጋ ስደርስ ግን የከበደ ፊት መጣብኝ። ቁልፉ አልገባ አለኝ። በራሴም ተናደድኩ።

ሸምሱ ክንዴን ያዘኝ። «ታፈሰ፣ ያ አምና ነው። እኔ ቢስሚላህ እላለሁ፣ አንተም የራስህን በል። ከዚያ እንገባለን።»

ከውስጥ ዘርፌ ቀስ ብላ፣ «ወንድሜ፣ ነብሩ መስኮቱ ሥር ካለው ጆንያ ላይ ነው። እኔ በግራ ጥግ ነኝ። ሚካኤልን ለምኜዋለሁ፤ እወጣለሁ። ብቻ እንዳታስነጥሱ» አለች።

እኔ ጠመንጃ ይዤ እንቀጠቀጣለሁ፤ እሷ ባዶ እጇን ሆና ትመራኛለች! አፍንጫዬን በነጠላ አሰርኩ። «አባታችን ሆይ» ብዬ ጀመርኩ። የከበደን ፊት ለማባረር ስታገል አልሄድ ሲለኝ፣ በእሱ ፈንታ ዘርፌ በዚያ በር ስትወጣ ለማየት ሞከርኩ። ነጠላዋን እያራገፈች፣ ፀሐይ ላይ ስትቆም። ያንን ደጋግሜ አየሁ። ቁልፉ ገባ። ዘልቀን በሩን ከኋላችን መለስነው።

ውስጡ ጨለም ያለ ነው። ወለሉ ላይ በፈሰሰው ቀይ ብናኝ ዱካው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሸምሱ በጣቱ አሳየኝ፤ የኋላ ቀኝ እግሩን ይጎትታል፤ ወጥመድ የያዘው እግር። ሩቅ አይዘልም ማለት ነው። ዓይኔ ያነባል፣ ጉሮሮዬ ይቃጠላል። ነብሩም ይቃጠላል መሰለኝ፣ ፊቱን በመዳፉ እየጠረገ ያጉረመርማል። አምና በችኮላ ነበር የተኮስኩት። አሁን እንባዬ እስኪጠራ ጠበቅሁ።

ያኔ ዘርፌ አስነጠሰች።

ነብሩ ወደ እሷ ዞረ። «እዚህ!» ብዬ ጮህኩ። ተመልሶ ወደ እኔ ተወረወረ፤ ደረቱን አይቼ ተኮስኩ። ከነክብደቱ ወደቀብኝ፤ ትከሻዬን በጥፍሩ ዘነጠለኝ። ሸምሱ እዚያው ያገኘውን አካፋ አንስቶ ጭንቅላቱን ሁለቴ ሲመታው ጸጥ አለ።

ዘርፌ ነጠላዋ በርበሬ መስሎ ወጣች። እኔ ደም እየፈሰሰኝ ተከተልኳት። አቶ ደምሰው እኛን አልፎ ገባ፤ ነብሩን አገላብጦ፣ «ቆዳውን በሳህብኝ!» አለ። ከዚያ ሰው እያየው መሆኑን ሲያስታውስ እጁን ወደ ላይ አንስቶ፣ «ተመስገን፣ ጸሎቴ ተሰማ!» አለ።

ልመታው ስል ዘርፌ ቀደመችኝ። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «ጸሎቱ የእኔ ነበር፣ ጋሼ። የእርስዎ መቆለፉ ነው» ብላ ሄደች። እዚያ መጋዘን ዳግመኛ አልሠራችም።

ትከሻዬ ሲሽር ሌላ መጋዘን ስትለቅም አግኝቻት፣ እንዴት ሳትፈሪ ቀረሽ አልኳት።

«አልፈራሁም ማን አለህ?» አለችኝ። «ፍርሃቴን እያዳመጥኩ ቢሆን ኖሮ ነብሩ የት እንዳለ አልሰማም ነበር።»

ጭንቀት ዛሬም ይመጣብኛል፣ ልጆች። ሲመጣ እጸልያለሁ፤ ከዚያ እንዲሆን የምፈልገውን አስቤ እነሳለሁ። በዚያው ዓመት፣ ጥር መጨረሻ ላይ፣ ከሸምሱ ጋር ወደ አደን ስመለስ እጄ ጸንቶ ነበር።

ንዴቱ ነው ያልለቀቀኝ። የነፍስ አባቴ፣ «እሱንም ለእግዚአብሔር ስጠው» ይሉኛል። እሺ እላለሁ። ያ ሰው ሴትዮዋን አልፎ ቆዳውን ሲያገላብጥ ሲታየኝ ግን፣ ይኸው እንደምታዩኝ ነው።