«በሞቴ» የሚያስቀጣበት ሰፈር

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ገና ሳይነጋ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራው ታላቅ እህቴ ዘይነባ ከመጠን በላይ ወፍራ፣ ስኳር በሽታም ይዟት፣ ሐኪም «ካልቀነስሽ ለእግርሽም ለዓይንሽም ያሰጋል» ብሏታል። ልመክራት ነው የምሄደው። እኔ ቀጭን ነኝ፤ ቀጭን ሰው ደግሞ ምክር አያልቅበትም። የምላትን እያሰላሰልኩ ሸዋ ሮቢት ደረስን፤ አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም ግን ጥብሱን ያለ ርኅራኄ በላሁ።

ኮምቦልቻ

መናኸሪያ ቆማ ጠበቀችኝ። ገና ሳታቅፈኝ «ምነው ከሳህ? አልተመቸህም እንዴ?» አለችኝ። ማታ ምክሬን ጀመርኩ።

«እትዬ፣ ዋናው አፍን መዝጋት ነው።»

«ወላሂ ልክ ብለሃል፤ እሺ ልዝጋው። ከሥራ ስወጣ በሳንቲም የሚያጠግበኝ ፓስቲ ነው። ቀበሌ በቅናሽ የሚያድለኝ ዘይትና ስኳር ነው። ሽምብራና አትክልት በቅናሽ ሲታደል አይተሃል? ጎረቤት ስገባ ደግሞ ‹በሞቴ› እያሉ ያጎርሱኛል። በሞቷ የለመነችኝን ሴት እንዴት እምቢ ልበላት?»



ደሴ

በማግስቱ ለሐኪም ቀጠሮዋ በሚኒባስ ጠመዝማዛውን ዳገት ወጣን። ሐኪሙ ሚዛን ላይ አቆማትና ራሱን ነቀነቀ። ፒያሳ ስንደርስ ኬክ ቤቱ መስኮት ላይ ዓይኔን ተክዬ የቀረሁት እኔ ነበርኩ፤ እሷ ቀጥ ብላ ወደ እህል ተራ ሄደች።

«ሽምብራ ኩንታሉ ስንት ነው?»

«ለሠርግ ነው እትዬ?» አለ ነጋዴው።

«ለቅሬ ነው።»

ቅሬ ማለት ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። በኩንታል ሲሆን ኪሎው ከሰፈሯ ሱቅ በብዙ ይረክሳል። ዋጋውን እያጉተመተመች ወደ ኮምቦልቻ ተመለስን።

እሑድ፣ ቅሬው ግቢ

እስላሙም ክርስቲያኑም ተሰብስቧል። የቅሬው ዳኛ፣ ሽማግሌው ጋሽ እንድሪስ፣ ሲፈቅዱላት ዘይነባ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች።

«አላህ ያክብራችሁ። ድሮ ለቅሶ ቤት ንፍሮ ነበር የምናቀርበው። ዛሬ ፓስቲና ስኳር የበዛበት ሻይ ሆኗል። ሐኪም ተዪው ብሎኛል፤ ብቻዬን ግን አቃተኝ። ሽምብራ በጋራ በኩንታል እንግዛና ወደ ንፍሯችን እንመለስ። የተረፈውን በመጣበት ዋጋ ለየቤታችን እንካፈል። እምቢ ያለውንም ሰው በሞቴ አትበሉት።»

«ባንቺ ሆድ ቅሬውን ምን አገባው? አፍሽን መዝጋት ነው!» አለ አንዱ ከኋላ።

የኔው ምክር ነበር፤ ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ግን ደሜ ፈላ። ልነሳ ስል ጋሽ እንድሪስ ቀደሙኝ።

«ነገ ብትሞት ጀናዛዋን የምንሸከመው እኛ አይደለንም ወይ? ጀናዛዋ ካገባን ቁርሷም ያገባናል!»

ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። ሽምብራው እንዲገዛ፣ «በሞቴ» ያለም አምስት ብር እንዲቀጣ ተወሰነ። ዘይነባ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። እኔም ማንም ሳይጠይቀኝ አጠገቤ ለተቀመጡት ሁሉ «እህቴ ናት፣ የእናቴ ልጅ ናት» እያልኩ ነገርኳቸው። ወዲያው ምሳ ቀረበና አንዲት ጎረቤቷ ጉርሻ አንስታ «በሞ...» ብላ ደነገጠች፤ ጉርሻውን ራሷ ጎረሰችው።

ቤቴ

አዲስ አበባ ሰኞ ማታ ገባሁ። ባለቤቴ እራት አቅርባ «መክረሃት መጣህ?» አለችኝ።

«እሷ መክራኝ መጣሁ» አልኳት። ለካ ሰው አፉን የሚዘጋው ብቻውን አይደለም፤ ሰፈሩም ገበያውም አብረው ሊረዱት ይገባል።

ባለቤቴ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ «ከስተሃል፣ በሞቴ» አለች።

እጄን ዘረጋሁ። «አምስት ብር! የእህቴ ሰፈር ሕግ ነው።»