ነጭ እጀታ ያለው ምላጭ

ምላጭ በቆዳ ቀበቶ ላይ ሲሳል የሚያሰማው ድምፅ አንዳንድ ቀን ሳላስበው ጆሮዬ ውስጥ ይመጣብኛል፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላ ቶሎ ቶሎ፣ ሽልጥ ሽልጥ እያለ። ያን ጊዜ የምንኖረው ኮምቦልቻ ነበር። አባታችን ሞቶ ስለነበር፣ እናቴ በርበሬ እያመላለሰች እየሸጠች እኔንና ታላቅ ወንድሜን እንድሪስን ታሳድገን ነበር። ቀበቶው የአባቴ ነው፤ ልብሱ ሁሉ ለሰደቃ ሲሰጥ እሱ ብቻ ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ተረስቶ ቀረ።

ነገሩ የጀመረው ክረምት ላይ ነው። ቦርከና ወንዝ ሞልቶ ሌላ ወሬ በሌለበት ሰሞን፣ የእንድሪስ የላይኛው ከንፈር ላይ ጠቆር ያለ ነገር ይታየኝ ጀመር። እኔ ጥላሸት መስሎኝ በቀሚሴ ጫፍ ልጠርግለት ስል እሱ ሳቀብኝ፣ እናቴ ግን አልሳቀችም። በደርግ ጊዜ የእኛን ዓይነት ሰው ልጅ ሲወልድ ቀኑን በወረቀት የሚጽፍለት አልነበረም፤ ለብሔራዊ ውትድርና ሲመለመል የቀበሌ ሰዎች ዕድሜ የሚያነቡት ከፊት ላይ ነበር። ጢም ያጎነቆለ ይሄዳል፣ ያላጎነቆለ ለሚቀጥለው ዙር ይቆያል። የሠፈራችን እናቶች ልጆቻቸው ቶሎ እንዲያድጉላቸው ዱዓ ማድረግ ትተው፣ ባሉበት እንዲቆሙላቸው ይለምኑ ነበር።

እንግዲህ መላጨት ነው። ግን በምን? የቀበሌው ሱቅ ከስኳርና ከሳሙና ጋር አልፎ አልፎ ምላጭ ያመጣ ነበር፤ ባሏ የሞተባት ሴት ምላጭ ስጡኝ ስትል ግን «ለማን ነው?» መባሏ አይቀርም። ፀጉር ቤቱም ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ነው። እናቴ ስታወጣ ስታወርድ ከርማ፣ ማንም በማያውቃት በደሴ ገበያ፣ እየተሳለ ዓመት ከዓመት የሚያገለግል፣ ፀጉር አስተካካዮች የሚይዙትን የሚታጠፍ ምላጭ ልትገዛ ቆረጠች። መስከረም እንደጠባ አንድ ሰኞ እኔን አስከትላ፣ በርበሬዋን አውቶቡስ ላይ አስጭና፣ በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ ወጣች።

ደሴ ብርድ ነው፤ እኔ የቆላ ልጅ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። ተረከዜን ደግሞ የኮንጎ ጫማዬ ልጦት እያነከስኩ ነው። በርበሬው እንደተሸጠ፣ ሥራ ያቆሙ አንድ ሽማግሌ ፀጉር አስተካካይ ጆንያ ላይ ዕቃቸውን ዘርግተው አገኘን፤ አባ ይማም ይባላሉ።

«ምላጭ ነበር አባባ» አለች እናቴ። «ለባለቤቴ።»

«የባለቤትሽ ጢም ጠንካራ ነው፣ ወይስ ገና ለጋ?»

እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ሽማግሌው ቀና ብለው አይተዋት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አብሽሪ የኔ ልጅ። እኔ ጢም እንጂ ሰው አላይም።»

ሁለት ምላጭ አወጡላት። አንዱ እጀታው ጥቁር ሆኖ ጫፉ የተሸረፈ፣ አንዱ እንደ ወተት የነጣ፣ የሚያብረቀርቅ። ጥቁሩን ክንዳቸው ላይ ውኃ ሳያስነኩ ሳብ ሲያደርጉት ፀጉሩ ዱቄት ሆኖ ወረደ።

«ይሄን ውሰጂ። መልኩ እንደኔው ያረጀ ነው፣ ብረቱ ግን ወላሂ አይዋሽሽም። ነጩ ለሙሽራ ነው፤ ጥቂት ወር ሠርቶ ይዶለዱማል። ሥጋ የሚቆርጠው ደግሞ የተሳለው ሳይሆን የዶለዶመው ነው፣ ይሄን ያዢልኝ።»

ነጩ ረከስ ይላል። እናቴ የመቀነቷን ቋጠሮ ፈትታ አየችና ወደኔ ጎንበስ ብላ «ጥቁሩን ከገዛን በእግራችን ነው የምንወርደው፤ ትችያለሽ?» አለችኝ።

«ነጩ ያምራል፣ እማ» አልኩ።

የማማሩ ነገር አልነበረም። አውቶቡሱን ነበር የፈለግኩት። እናቴ ተረከዜን አየች፣ ጥቁሩን ምላጭ አንስታ መልሳ አስቀመጠች፣ ነጩን ገዛች። ስንመለስ በመስኮቱ በኩል ተቀምጬ፣ ዛፉ ወደ ኋላ ሲሮጥ እያየሁ፣ ደስ ብሎኝ ወረድኩ። አላህ ይቅር ይበለኝና በጣም ነበር ደስ ያለኝ።

በጋውን እንዲህ አሳለፍነው፤ በየሦስት ቀኑ፣ ጎረቤት ለዙህር ሶላት ሲገባ፣ እናቴ ምላጩን ቀበቶው ላይ ስላ እንድሪስን ጓዳ አስቀምጣ ትላጨው ነበር። እኔ ደጅ ላይ ቆሜ፣ ሰው ሲመጣ ዶሮ እንደሚያባርር «እሽ! እሽ!» እል ነበር።

«እማ፣ ለዒድ የደረስኩ ሙክት መሰልኩሽ እንዴ? በይ ቢስሚላህ በዪና ጀምሪ» ይላት ነበር እንድሪስ አገጩን ወደ ላይ ቀና አድርጎ።

«ዝም በል፣ ከንፈርህን አታንቀሳቅስ!»

ማሽላው ታጭዶ ሲያበቃ ምልመላው መጣ። ከመጡት ሰዎች አንዱ የእንድሪስን ፊት አየት አድርጎ «ይሄ ገና ጡት አልጣለም» ሲል አብረውት ያሉት ሳቁ። እናቴም ሳቀች፤ ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ የሳቀችው እሷ ነበረች። እኔ ያን ሳቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር፣ ኋላም አልሰማሁት።

የበልግ ዝናብ ሲጀምር ምላጩ እንደተባለው ዶለዶመ። እናቴ በድንጋይም በቀበቶም ብትስለው አልመለስ አለ። ጢሙን ሳይቆርጥ እየጎተተ ነበር የሚነቅለው፤ የእንድሪስ ዓይን እንባ ይሞላል፣ ቀልዱንም ተወ። አንድ ቀን ምላጩ ተንሸራቶ ከአፍንጫው በታች ቆረጠው። ደሙ መቆም እምቢ ሲል እናቴ ከጣራው ሥር የሸረሪት ድር አምጥታ ለጠፈችበት። ሰዎቹ የመጡት በማግስቱ ጠዋት ነው።

የሚመለምለው ያ በበጋው «ጡት አልጣለም» ያለው ሰው ሳይሆን ሌላ፣ ዝግ ያለ፣ ሰላምተኛ ሰው ነበር። የእንድሪስን አገጭ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃኑ አዞረው።

«ምን ነካህ?»

«እሾህ ነው፣ ጋሼ።»

ሰውየው የሸረሪቱን ድር በአውራ ጣቱ አነሣው፣ ከንፈሩንም ከግራ ወደ ቀኝ ዳሰሰው።

«ልጅ ነው!» አለች እናቴ። «በአላህ፣ ልጅ ነው የኔ ወንድም!»

«ልጅማ አይላጭም፣ እናቴ» አላት። አልተቆጣም፣ አልጮኸም።

እንድሪስን ከሌሎቹ ልጆች ጋር የጫነችው መኪና ሞልታ ስትሄድ እስከ አስፋልቱ ተከተልናት። ከዚያ በኋላ ደህና ነኝ ማለቱን እሱን ያገኘ የሠፈር ልጅ አንድ ጊዜ ነገረን፣ ሌላ የለም። ክረምቱ ተመልሶ ሲገባ፣ እኔ «ጥቁሩን ብንገዛ ኖሮ…» ብዬ ጀመርኩ። እናቴ በርበሬ እየለቀመች ነበር። ቀና ሳትል «ጥቁሩስ ቢሆን ጢም መብቀሉን ያስቆመዋል?» አለችኝ። ስለ ተረከዜና ስለ አውቶቡሱ እስክትሞት ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ብታነሺብኝ ይሻለኝ ነበር፣ እማ።

ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በአስፋልቱ ይጎርፍ ነበር፤ የተቀደደ ልብስ ለብሶ፣ ውኃ እየለመነ። እናቴ እንስራና ጣሳ ይዛ ከመንገዱ ዳር ሳምንታት ቆመች። ሁሉም ጢማቸው አድጎ ነበር። ያን በጋ ሁሉ ጢም ስታጠፋ የከረመች ሴት፣ ጎንበስ እያለች በየሰዉ ጢም ውስጥ የልጇን ፊት ትፈልግ ነበር። አላገኘችውም።

አሁን ደሴ ልጄ ዘንድ ነው ያለሁት። የልጅ ልጄ ዘንድሮ ከንፈሩ ላይ ጠቆር ብሎበት፣ የሚጣለውን የፕላስቲክ መላጫ በራሱ ገንዘብ ከሱቅ ገዝቶ፣ በሩን ከፍቶ እያፏጨ ይላጫል። እናቱ «ሙሽራው!» እያለች ትቀልድበታለች። እሱ የተወለደበት ቀን በወረቀት አለ፤ ሰው ፊቱን አያነብም። ጎረቤት መጥቶ «ይሄ ጎረምሳ ስንት ዓመቱ ነው?» ሲል ግን ማንም ሳይቀድመኝ እኔ እመልሳለሁ፣ ሁለት ዓመት ቀንሼ። ልጄ «እማ ደግሞ!» ብላ ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ። በሌላው ቀን ሲጠይቁኝም ያንኑ ቀንሼ እናገራለሁ።