ሦስት ድስት ዶሮ፣ ዜሮ እንጀራ

ዛሬ ለመስቀል እንጅባራ፣ እናትና አባቴ ቤት፣ ሦስት ድስት ዶሮ ወጥ ቀረበ። እንጀራ ግን አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ ባለፈው ሳምንት ደወለችና «ዘንድሮ እሳት አልነካም፤ የምትወዱትን ሠርታችሁ ኑ» አለችን።

ታዘዝን። ታላቅ እህቴ ከዳንግላ ዶሮ ወጥ ይዛ መጣች። ታናሽ እህቴም ከአዲስ ቅዳም ድስቱን ጭኗ ላይ አቅፋ በሚኒባስ መጣች። ዶሮ ወጥ ነው። የኔም ዶሮ ወጥ ነበር። የኔ ይበልጣል፤ ግን አሁን የምናወራው ስለሱ አይደለም።

ከደመራ መልስ እጃችንን ታጥበን ተቀመጥን። አባዬ መሶቡን ከፈቱት። ትንሽ አዩትና መልሰው ከደኑት።

«እንጀራውስ?» አሉ።

ታላቄ እኔን አየችኝ። እኔ ታናሼን አየኋት። ታናሼ እማዬን አየቻት። እማዬ ጋቢዋን አስተካክላ ጣራውን አየች።

«ከጎረቤት እንበደር እንዴ?» አልኩ።

«በመስቀል ቀን?» አሉ አባዬ። በዚሁ ተዘጋ።

ስለዚህ ድንች ቀቀልን። የአገራችን ድንች መቼም አያሳፍርም። ሦስት ዓይነት ዶሮ ወጥ በድንች እያጠቀስን በላን። አባዬ ሁለቴ ጨመሩ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም።

እማዬ እስክንጨርስ ጠበቀች። ከዚያ እጇን እየታጠበች፣ ቀስ ብላ፣

«ዕድሜ ልካችሁን ከየት የሚመጣ መስሏችሁ ነበር?» አለች።



እናንተ ቤትስ ዛሬ ምን ተረሳ? ጻፉልኝ። ቶሎ ባልመልስ ግን አትቀየሙኝ፤ እጄ ሊጥ ነው።