ጎን ለጎን ያሰርኳቸው ስፒከሮች

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ለመኪናው የገዛቸውን ሁለት ስፒከሮች ይዞ ቤቴ መጣ። የድሮዎቹ ተቀድደውበታል። «አጎቴ፣ አንተ ታውቅበታለህ አሉኝ። እነዚህ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ይስማማሉ?» አለኝ። አንዱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። «4 ኦም» ይላል፤ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት ልክ ነው።

ልጅ እያለሁ ያንን ቁጥር ማንበብ ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ይመር ነው። መካነ ሰላም ገበያው ዳር በአንዲት ጠባብ ክፍል ሬዲዮ ይጠግን ነበር። የሚቀልጥ እርሳስ ሽታ ከልብሱ አይጠፋም። ከተቀደደ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይሰጠኝና ከሰፈር ልጆች ጋር አቧራ ውስጥ ምስማር ስንለቅም እንውል ነበር። ዝናቡ ከቀረ ወዲህ ግን ጨዋታው ቀረ። አብረውኝ ምስማር ከሚለቅሙት ሁለቱ ሞቱ። የእኛም ላም ሞተች።

አብዮቱ በፈነዳ ማግስት ነው። አንድ የእርዳታ እህል የጫነ መኪና ከተማችን ገባ። ሁለት ቀን ብቻ ቆይቶ ወደ አቀስታ ይመለሳል ተባለ። በየጋራው ላለው ገበሬ ወሬው መድረስ ነበረበት። ለዚህ የተመደበችው ላንድሮቨር ግን ስፒከሮቿ ተበጣጥሰዋል። ይመር ተበላሽቶ ከቆመ አውቶቡስ ሁለት ፈትቶ አመጣ። የአምፕሊፋየሩ ጀርባ ከስምንት በታች አይሆንም ይላል፤ ስፒከሮቹ ግን አራት አራት ናቸው።

«አንዱን ከአንዱ አስከትለህ ታስራለህ። አራትና አራት ስምንት፤ ይስማማሉ» አለኝ። «ጎን ለጎን ካሰርካቸው ድምፁ ይጨምራል፣ ግን ሁለት ጥጃ ባንዴ እንደለቀቅህባት የከሳች ላም ነው። ማሽኑ አይችለውም።»

አስከትሎ አሰራቸው። የሚለፍፈው ካድሬ ከደሴ የመጣ ነው። ማይኩን ሞከረና ፊቱ ጠቆረ።

«ምንድነው ይሄ? የበሽተኛ ድምፅ! ጨምረው!»

«ከዚህ በላይ አይችልም ጌታ… ጓድ» አለ ይመር። ሾፌሩ ሳቀ። ካድሬው አልሳቀም።

ይመር ሽቦውን የሚሸፍንበት ፕላስተር ሊያመጣ ወደ ክፍሉ ሄደ። እኔ ከመኪናዋ ኋላ ብቻዬን ቀረሁ። ወንድሜ ሰው ፊት ተሰደበ ብዬ ነው… ወይም ጉራ ነው። እስከ ዛሬ አላውቅም። ሽቦዎቹን ፈታሁና ጎን ለጎን አሰርኳቸው።

ካድሬው እንደገና ሲናገር ገበያው ሁሉ ዞረ። «ይኸው! ስትፈልግ ትችላለህ!» አለ፣ ይመር ሲመለስ። ወንድሜ ድምፁን ሰምቶ ግንባሩን ቋጠረ። ዓይኑን ሸሸሁት። ሊያየው ሲል መኪናዋ ተነሳች፤ ሁለታችንም ከኋላ ዘለን ወጣን።

የመጀመሪያው ጋራ ላይ ሰዎች ሰሙ፤ ስልቻቸውን ይዘው መውረድ ጀመሩ። ሁለተኛው ጋራ ላይ ድምፁ ታነቀ። የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ መጣ፣ ከዚያ ጭስ። ከገደሉ ማዶ ያሉት ሰዎች እጃቸውን ከጆሯቸው ጋር አድርገው ቆመው ነበር። ልብሳቸው በነፋስ ሲውለበለብ ይታየኛል። ከእኛ የሚመጣ ምንም አልነበረም።

ይመር የአምፕሊፋየሩን ክዳን ከፈተ። ሽቦዎቹን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ማነው ያሰረው?» አለ ካድሬው።

«እኔ ነኝ» አለ ይመር።

«አይችልም ስትል ቆይተህ አሁን አቃጠልከው! ሆን ብለህ ነው! አሻጥረኛ!»

አፌን ልከፍት ስል ይመር ትከሻዬን ያዘኝ። «አብሽር» አለኝ ቀስ ብሎ። «ቤት ሂድ። እማዬን ራት እንዳትጠብቀኝ በላት።»

የእህሉ መኪና በሦስተኛው ቀን ወደ አቀስታ ተመለሰ። ከገደሉ ማዶ ያሉት ከሳምንት በኋላ ሰምተው መጡ፤ መምጣት የቻሉት። ይመርን ወደ ደሴ ወሰዱት። እማዬ በእግሯ ሦስት ጊዜ ሄደች። በሦስተኛው «እዚህ የለም» አሏት። የት እንዳለ የነገራት የለም።

«ልጄ፣ አብረኸው ነበርክ። ያን የሚያህል እጁ እንዴት ተሳሳተ?» ትለኝ ነበር።

«አላውቅም እማዬ።»

ዕድሜዋን ሙሉ ጠየቀችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ይህንኑ መለስኩላት። እጁ አልተሳሳተም ብዬ ሳልነግራት ሞተች።

የእህቴን ልጅ ስፒከሮች አስከትዬ አሰርኳቸው። ሬዲዮውን ከፈተና ፊቱን አጨማደደ።

«አነሰ እኮ አጎቴ። ጎን ለጎን ብታደርጋቸውስ?»

«አምፕሊፋየሩ አይችለውም፤ ይቃጠላል።»

«ቢቃጠል ምናለበት? ሌላ ይገዛል!» ብሎ ሳቀ።

እውነቱን ነው። ዛሬ ሌላ ይገዛል። እኔ ግን እጄን ከሽቦው ላይ ማንሳት አቃተኝ።