«ጋሼ ያሉት» ስሙ ሲቀየር

በአውቶቡስ ድርጅቱ «እትዬ ለምን» ይሏታል፤ ምክንያቱን ሳታውቅ ምንም ነገር ስለማታሳልፍ። የቲኬት መሸጫውን ፕሮግራም አብጠርጥራ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። ከእሷ በፊት የነበሩት ባለሙያዎች ለእያንዳንዱ ፋንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ ለሚሠራው የኮድ ቁራጭ፣ ስም ያወጡ የነበረው በሥራው ሳይሆን ባዘዛቸው ሰው ነበር፦ «ጋሼ_ያሉት»፣ «ጋሼ_እንደገና_ያሉት»፣ «የጸሐፊዋ_ጥያቄ»። ጋሼ የተባሉት የቀድሞው ኃላፊ ጡረታ ወጡ፣ ጸሐፊዋ ሥራ ቀየረች፣ የሚያስረዳ ጠፋ።

የመጀመሪያ ልጇን በወለደች በሦስተኛው ቀን ከመሥሪያ ቤት ተደወለላት። ሕፃኑን በአንድ እጇ፣ ስልኩን በሌላው ይዛ «ጋሼ ያሉት» ምን እንደሚሠራ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳች። በማግስቱም ደወሉ፣ በሳምንቱም። አማቷ፣ «ልጄ፣ የወለድሽው ሕፃኑን ነው ወይስ መሥሪያ ቤቱን?» አሏት። ያ የአራስነት ወር በስልክ አለቀ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

አሁን ሁለተኛዋን ካረገዘች ሰባት ወሯ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ብላ ኃላፊው ቢሮ ገባች።

«ስሞቹን ልቀይራቸው ነው።»

«የሚሠራ ነገር አይነካም።»

«የሚሠራው እኮ እኔ ስላለሁ ነው።»

«አንድ ወንበር ለሁለት ሰው ከተሸጠ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።»

«እሺ፣ እኔ ነኝ» አለች፣ ፍንክች ሳትል።

አንዱን ስም ትቀይራለች፣ በተጠራበት ቦታ ሁሉ ታስተካክላለች፣ ትሞክረዋለች። ከዚያ ኮድ አይታ የማታውቅ አንዲት ቲኬት ሻጭ ትጠራና ስሙን ታነብላታለች። ሻጯ ሥራውን መገመት ካቃታት ስሙ ወደቀ ማለት ነው።

«የተሰረዘ_ወንበር_መልስ።»

«ለማን ነው የሚመለሰው? ለተሳፋሪው?»

«ኧረ ልክ ነሽ!» አለችና «የተሰረዘን_ወንበር_ለሽያጭ_ክፈት» አደረገችው። እንዲህ እያለች ሁለት መቶ የሚሆኑትን ስሞች ጨረሰች፤ አንድም ወንበር ሁለቴ አልተሸጠም።

ሴት ልጇን በወለደች በዘጠነኛው ቀን ስልኳ ጮኸ። የሥራ ባልደረባዋ ነበር። ክው አለች።

«ምን ተበላሸ?»

«ጠዋት የተሰረዙት ወንበሮች ለሽያጭ አልከፈት ብለው ነበር። የፋንክሽኑን ስም አይቼ ገባሁ፣ አስተካከልኩት።»

«ታዲያ ምን ፈልገህ ደወልክ?»

«ምንም። አንቺን ሳንፈልግ መዋላችንን ልንገርሽ ብዬ ነው።»

ደስ አላት፤ እውነት ለመናገር ትንሽ ቅርም አላት። አማቷ ስልኩን ሊነጥቋት እጃቸውን ዘርግተው ቆመው ነበርና፣ ራሷ ዘግታ ሰጠቻቸው።

«ለሦስት ወር ይደብቁልኝ» አለች።